የባለቤቴ ጀልባ ስንት ያወጣል?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሜሪላንድ ነው። ዕድሜዬ 46፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ድንገት ካረፈ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ አሮጌ ሞተር ጀልባ ከነትሬለሩ በ2,200 ዶላር ገዝቶ ነበር። የ1989 ስሪት፣ 19 ጫማ ርዝመት ያለው ፋይበርግላስ ነው፤ ሞተሩ 4.3 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር መርክሩዘር ነው። ከሥራ ሲገባና ቅዳሜ ከሰዓት እየፈታ እየገጠመ ይሠራው ነበር። «አንድ ቀን ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ እወስዳችኋለሁ» እንዳለን ውሃ ሳይነካ ቀረ።

ደረሰኞቹን ስደምር ለዕቃ ብቻ 5,800 ዶላር አውጥቶበታል። ከካርቶን ያልወጡ የጭስ ማውጫ ማኒፎልዶች፣ አንድ አዲስ የስቴይንለስ ፕሮፔለርና ብዙ ትንንሽ ዕቃ ጋራዥ ውስጥ አለ። አሁን የሰፈራችን ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ጀልባው በ45 ቀን ውስጥ ከግቢ እንዲነሳ ደብዳቤ ላከልኝ። የጭነት መኪና የሚነዳው የባለቤቴ ወንድም «የወንድሜ ላብ ነው፣ ከስምንት ሺህ በታች እንዳትሸጪው» ይለኛል። በእድራችን ያለ የባለቤቴ ጓደኛ ደግሞ ባለበት ሁኔታ 1,500 ዶላር ሰጥቶ ራሱ ጎትቶ ሊወስደው ጠይቆኛል። ሊረዳኝ ይሁን ሊጠቀምብኝ አላውቅም። የ17 ዓመቱ ልጄ ወሬው ሲነሳ ክፍሉን ዘግቶ ይገባል፤ አንድ ቀን ብቻ «እኔ እጨርሰዋለሁ» ብሎኛል።

ኢንተርኔት ላይ የሚመስለውን ስፈልግ አንዱ 900፣ አንዱ 7,500 ይላል። በርካሽ ሰጠችው ተብዬ መወቀስ አልፈልግም። ከዚያ በላይ ደግሞ የእሱን ልፋት እንዳቀለልኩበት እንዳይሰማኝ እፈራለሁ። ዋጋውን እንዴት ልወቅ?

ግራ የገባኝ፣ ከሜሪላንድ

ውድ እህቴ፣

ነፍሱን ይማርልሽ፤ አንቺንም ልጆችሽንም ያጽናችሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ተጣብቀውብሽ አገኘሁ፤ ጀልባው ስንት ያወጣል የሚለውና የባለቤትሽ ድካም ስንት ያወጣል የሚለው። የመጀመሪያው በጥቂት ቀን ሥራ መልስ ያገኛል። ሁለተኛውን ግን አንድ የማታውቂው ገዢ መኪናውን አቁሞ፣ ጎማ ረግጦ እንዲወስንልሽ አትፍቀጂለት። እሱ የሚከፍለው ለቀረው ሥራ ነው፤ ስለ ተሠራው የሚያውቀው ነገር የለም።

እንግዲህ ያልተጠናቀቀ ጀልባ ዋጋ የሚሰላው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ይኸው ጀልባ ተጠናቆ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ውሃ ላይ ቢሄድ ስንት ይሸጣል ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ከዚያ ላይ እዚያ ለመድረስ የሚፈጀውን የዕቃ ወጪ ትቀንሻለሽ፤ ከዚያም ገዢው ለጉልበቱና ለማያውቀው ችግር ሥጋት የሚይዘውን ትቀንሻለሽ። የቀረው ያንቺ ዋጋ ነው። ጄ.ዲ. ፓወር፣ ቀድሞ ናዳ ይባል የነበረው፣ ወይም ቢዩሲ የሚያወጧቸው የዋጋ መመሪያዎች የሚናገሩት ስለሚሠራ ጀልባ ነው። ዝቅተኛ ብለው የሚያስቀምጡት ቁጥር እንኳ ሞተሩ የማይነሣን ጀልባ አይመለከትም። ያየሽው የ7,500ና የ900 ልዩነትም ከዚህ የመጣ ነው። ሁለቱም ደግሞ ሻጩ የተመኘው እንጂ የተከፈለው ዋጋ አይደሉም። የተከፈለውን ለማየት ኢቤይ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ተጠቀሚ። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ደግሞ ሁለትና ሦስት ወር ሳይነሣ የቆየ ማስታወቂያ ካየሽ፣ በዚያ ዋጋ ገዢ እንደጠፋ ይነግርሻል።

በዚህ ዕድሜና መጠን ያለ፣ በደንብ የሚሄድ፣ ትሬለር ያለው ጀልባ በፀደይ ወራት ከ4,000 እስከ 5,500 ዶላር ቢሸጥ ደስ የሚል ዋጋ ነው። ለሂሳባችን 5,000 እንያዝ። የባለቤትሽ ወንድም የሚለው 8,000 ጀልባው ዛሬ ቼሳፒክ ላይ እየሄደ ቢሆን እንኳ አይገኝም። ቁጥሩ የመጣው ግዢውንና ደረሰኞቹን ከመደመር ነው፤ 2,200ና 5,800 ልክ 8,000 ይሆናሉ። ይህ ከሐዘን የመጣ ሂሳብ ነው፤ ክፋት የለበትም። ከእሱ ጋር በቁጥር አትከራከሪ። ይልቅስ ሥራ ስጪው፤ የትኛውን ሥራ እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ከሁሉ በፊት መልስ የሚፈልጉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ የሞተሩ ብሎክ በበረዶ ተሰንጥቋል ወይ፣ በፋይበርግላሱ ውስጥ ያለው እንጨትስ በስብሷል ወይ። መቀመጫው መቀደዱ፣ ቀለሙ መደብዘዙ፣ ሬዲዮው አለመሥራቱ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም።

ከሞተሩ እንጀምር። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከባሕር ወይም ከሐይቅ በሚስበው ውሃ ነው። ውሃው በበረዶ ወቅት ብሎኩ ውስጥ ከቀረ ሲረጋ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ብረቱንም ይሰነጥቃል። ባለቤትሽ ካረፈ ወዲህ ቢያንስ አንድ የበረዶ ወቅት ስላለፈ ዋናው ጥያቄ ከማረፉ በፊት ውሃውን አፍስሶት ነበር ወይ የሚለው ነው። እንዲህ ፈልጊ፦ ብዙ ሰው ከሞተሩ የፈታቸውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሎኖች በትንሽ ከረጢት አድርጎ መሪው ላይ ወይም ቁልፉ ላይ ያንጠለጥላል፤ አንዳንዱም የብርጭቆ ማስቀመጫው ውስጥ ይጥላቸዋል። ካገኘሻቸው ትልቅ ተስፋ ነው። ካላገኘሽ ደግሞ ልጅሽ በሞተሩ ግራና ቀኝ፣ በብሎኩ ታችኛው ክፍል ያሉትን ሁለቱን ቀዳዳዎች ይይ። ክፍት ከሆኑ ጥሩ ነው። ከተዘጉ ይፍታቸውና ቀጭን ሽቦ ያስገባበት፤ ዝገት ቀዳዳውን ደፍኖት ቡሎኑ ቢፈታም ውሃው ሳይወጣ የሚቀርበት ጊዜ አለና።

ቀጥሎ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ምዘዙ። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ባትሪ መብራት ይዛችሁም ከማኒፎልዱ በታች ያለውን የብሎኩን ጎን እዩ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አግድም ይሄዳል፤ ቀጭን የዝገት መስመርም ይተዋል። ከውጭ ምንም አለመታየቱ ግን ነጻ አያወጣውም፤ በውስጥ በኩል የሚሰነጠቅበትም ጊዜ አለ።

አንድ ነገር አደራ፤ «እስኪ ቁልፉን ልሞክር» የሚል ሰው ቢመጣ እንዳይነካው። ከዓመት በላይ ሳይነሣ የቆየ ሞተር ሲሊንደሩ ደርቆ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ስድስቱም ካንዴላዎች ይፈታሉ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ይረጫል፣ አንድ ቀን ያድራል፣ ከዚያ ሞተሩ ከፊት ባለው ፑሊ በእጅ ይዞራል። በእጅ ከዞረ ብቻ ነው ስታርተር የሚነካው። ለማስነሣት የሚሞክር ካለም የድሮውን ቤንዚን አይጠቀም፤ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ሲቆይ ውሃ ስቦ ይለያይና ካርቡራቶሩን ይደፍናል። በተለየ ትንሽ ታንክ አዲስ ቤንዚን ይጠቀም፤ የአትክልት ጎማ ከድራይቩ (ከጀልባው ኋላ ተንጠልጥሎ ፕሮፔለሩን ከሚያዞረው ክፍል) የውሃ መሳቢያ ጋር የሚያገናኘውን ማዳመጫ የሚመስል መሣሪያ ይግጠም። ያለ ውሃ ከተነሣ የውሃ ፓምፑ ጎማ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። ከማስነሣቱ በፊት ደግሞ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ያናፍስ፣ ትነቱን የሚያስወጣውን ማራገቢያም ያስነሣ። የጀልባ ሞተር ቤት ውስጥ የሚጠራቀም የቤንዚን ትነት ይፈነዳል፤ ይህን ልጅሽ ጠንቅቆ ይወቅ።

ለዚህ ሥራ ቤት ድረስ የሚመጣ የጀልባ መካኒክ ብትጠሪ እመክርሻለሁ። ከ200 እስከ 350 ዶላር ያህል ያስከፍልሽ ይሆናል፤ ግን ከምታወጪው ሁሉ ይህኛው ነው ራሱን የሚመልሰው። የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፤ የስድስቱንም ሲሊንደር ኮምፕረሽን (ውስጡ የሚፈጠረውን ግፊት፣ በፒኤስአይ) ለክቶ ቁጥሩን በወረቀት ይስጥሽ፣ ብሎኩንም ይፈትሽልሽ። ስድስቱ ቁጥሮች ከ130 በላይ ሆነው እርስ በርስ ከተቀራረቡ ጤነኛ ነው። አምስቱ 150 አካባቢ ሆነው አንዱ 90 ቢል ግን ያ ሲሊንደር ቫልቩ ወይም ቀለበቱ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ችግር አለበት። ወረቀቱ ለምን ይጠቅማል ካልሽ፣ ገዢ የማያውቀውን ሁሉ ከከፋው ግምት ነው የሚቀንሰው። ቁጥሩን ካሳየሽው ከግምቱ ታወጪዋለሽ። የተመሰከረለት የጀልባ ገማች መጥራት ግን አያስፈልግሽም። በጫማ 20ና 25 ዶላር ስለሚያስከፍሉ የዚህን ጀልባ ዋጋ ሩብ ይወስዱብሻል።

አሁን ወደ እንጨቱ። የ1989 ጀልባ ከላይ ፋይበርግላስ ቢሆንም የኋላው ግድግዳ፣ ትራንሰም የሚሉት፣ በውስጡ ፕላይውድ ነው። ወለሉም ከወለሉ ሥር ርዝመቱን ተከትለው የተጋደሙት ደጋፊዎችም እንጨት ናቸው። በቡሎን ቀዳዳ ውሃ ሲገባ ከውስጥ ይበሰብሳሉ፤ ከውጭ ግን ያበራሉ። ልጅሽ በካቻቢቴ እጀታ የኋላውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ቀስ እያለ ያንኳኳው። ደረቅ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው የታፈነ ነው። ከዚያ ከኋላ የተንጠለጠለውን ድራይቭ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይጫነው፣ አንቺ ግድግዳውን ተመልከቺ፤ ከተንቀሳቀሰ እንጨቱ አልቋል። ሞተሩን ከእንጨቱ ጋር የያዙትን ትልልቅ ቡሎኖችም በመፍቻ ይሞክራቸው፤ ሳይጠብቁ ባዶ ከዞሩ የያዛቸው እንጨት በስብሷል ማለት ነው። ጥርጣሬው ካልጠራ ከውስጥ በኩል፣ ከግድግዳው ታችኛው ጫፍ አጠገብ ሦስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሳ። የሚወጣው ፍቅፋቂ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ መልሱ ታወቀ። ቀዳዳው በጀልባ ማሸጊያ ወዲያው ይደፈን፤ ለገዢም ይነገረው።

የባለቤትሽን ወንድም የሚፈልገው ሥራ እዚህ ጋ ነው። ከወለሉ ሥር እንዲያንሳፍፍ የተሞላ ፎም አለ። እሱም ከዓመታት በኋላ ውሃ ይጠጣል፤ አንድ ኪዩቢክ ጫማ ውሃ 62 ፓውንድ ያህል ይመዝናል። በዓይን አይታይም፤ ሚዛን ግን ያወጣዋል። የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ በየከባድ መኪና ማረፊያው ያለውን የካት ሚዛን ከማንም በላይ ያውቃል። የትሬለሩ ጎማና መብራት ከተስተካከለ በኋላ ጎትቶ ወስዶ ያስመዝነው። ፋብሪካው ለጀልባው ያወጣው ደረቅ ክብደት ለምሳሌ 2,500 ፓውንድ፣ ትሬለሩ 750 ቢሆን፣ በታንኩ ያለው ቤንዚን በጋሎን ስድስት ፓውንድ ተጨምሮ ከ3,400 ብዙ መብለጥ የለበትም። ሚዛኑ 4,000 ካለ ወለሉ ሥር 600 ፓውንድ ውሃ አለ። እሱ ራሱ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ 8,000 የሚለው ቁጥር ያለ ክርክር ይወርዳል፤ ካልወረደም ቢያንስ ሁለታችሁ ስለ አንድ ጀልባ ትነጋገራላችሁ።

ውጤቱ ሲታወቅ ሂሳቡ ይህን ይመስላል። ሞተሩ ጤነኛ፣ እንጨቱም ደረቅ ከሆነ፦ ከ5,000 ላይ ለካርቡራቶር፣ ለቤንዚን ታንክና ቱቦ፣ ለድራይቩ የጎማ መሸፈኛዎችና ኩሽኔታ፣ ለውሃ ፓምፕ፣ ለባትሪ 1,500 ያህል ይቀነሳል። ለገዢው ጉልበትና ሥጋት ሌላ 1,200 ቢቀነስ 2,300 ይቀርሻል። 2,600 ጠይቀሽ እስከ 2,000 መደራደር ትችያለሽ። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ የኋላው ግድግዳ ከበሰበሰ ግን አቆጣጠሩ ሁሉ ይለወጣል። ግድግዳውን ለመቀየር ሞተሩና ድራይቩ መውጣት አለባቸው፤ ጋራዥ ብዙ ጊዜ ከ4,000 ዶላር በላይ ይጠይቅበታል፤ ስለዚህ ጀልባው ራሱ ዋጋ የለውም ማለት ነው። የምትሸጪው ሞተሩን፣ ድራይቩንና ትሬለሩን ነው፤ ከ1,200 እስከ 1,600። እንጨቱ ደረቅ ሆኖ ብሎኩ ከተሰነጠቀ 1,000 አካባቢ። ሁለቱም ከጠፉ የሚቀረው ትሬለሩና ጥቂት ተፈታች ዕቃ ነው። ጀልባውን ቆራርጦ ለማስወገድ ገዢው ራሱ ገንዘብ ስለሚያወጣ ከ500 እስከ 800 ከተገኘ ሳትውይ ሳታድሪ ተቀበዪ።

አሁን የእድሩን ጓደኛ ሐሳብ ተመልከቺ። ሳይፈትሽ፣ ባለበት፣ ራሱ ጎትቶ 1,500 የሚል ሰው ከአራቱ ሁኔታዎች በሦስቱ ተገቢውን ወይም ከተገቢው በላይ የሚከፍል ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ሊጠቀምብሽ የመጣ አይመስለኝም። ግን አንድ ነገር ጠይቂው፤ 1,500 ሲል ጋራዥ ውስጥ ያሉትን አዳዲስ ዕቃዎች ጨምሮ ነው ወይስ ጀልባውን ብቻ? ዋጋው የሚወዛገበው እዚያ ላይ ነው። ምናልባት እሱም አላሰበበት ይሆናል። ባለቤትሽ ስለ ጀልባው ለእሱ ምን ምን ይነግረው እንደነበርም ጠይቂው፤ ውሃውን ማፍሰሱንና አለማፍሰሱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ሊሆን ይችላል። ፈተናው እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት እንዲታገስሽ ብትለምኚው እውነተኛ ወዳጅ አይቀየምም።

ስለ አዳዲሶቹ ዕቃዎች። በሰው ዘንድ «አዲስ ዕቃ 900 ዶላር ከገባበት ዋጋው በ900 ይጨምራል» የሚል እምነት አለ፤ ገበያው ግን እንዲያ አይቆጥርም። ከካርቶን ያልወጣ ማኒፎልድ ከጀልባው ጋር ሲሄድ ገዢው ምናልባት 300 ይጨምርበታል። ለብቻው ሲሸጥ ግን ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ወይም ትንሽ በላይ ያመጣል፤ 4.3 ሊትር ሞተር ያለው ሰው በዚህ አካባቢ ብዙ ነው። ስለዚህ ብሎኩ ከተሰነጠቀ ማኒፎልዶቹን ለይተሽ ሽጪ። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ከጀልባው ጋር ቢሄዱ ለገዢው መተማመኛ ይሆናሉ። ለብቻ ስትሸጪ የካርቶኑን የዕቃ ቁጥር ፎቶ አንሺ። መርክሩዘር በ2002 አካባቢ የማኒፎልዱን መጋጠሚያ ስለቀየረ ገዢው አሮጌው ዓይነት ይሁን አዲሱ ማወቅ ይፈልጋል። ፕሮፔለሩ ላይ የተቀረጸው ዲያሜትርና ፒችም እንዲሁ ይጻፍ።

ከመሸጥሽ በፊት ገንዘብ አውጪበት የምልሽ አንድ ነገር ቢኖር ትሬለሩ ነው። ጎማው ጎን ላይ «DOT» ብሎ በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ 3216 ቢል በ2016 ዓመት በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከስድስት ዓመት ካለፈ ፊቱ ሙሉ ቢመስልም ሲጎተት ሊፈነዳ ይችላል። ሁለት ጎማ፣ የተሽከርካሪው ኩሽኔታ ግሪስና የኋላ መብራት ከ300 እስከ 400 ዶላር ያወጣሉ። ገዢ ዛሬውኑ ጎትቶ መሄድ ከቻለ ግን የሚገዛሽ ሰው ቁጥር በእጥፍ ይጨምራል። ከዚህ ሌላ ቅጠሉን ጥረጉ፣ ጀልባውን በውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ዕቃውን በሣጥን ደርድራችሁ ፎቶ አንሡ። ቀለም አትቀቡት፣ መቀመጫ አታስለብሱት፤ ያ ገንዘብ አይመለስም። የተደበቀ ነገር ያለም ያስመስላል።

ወረቀቱን ግን ዛሬ ጀምሪ፤ ከሁሉ የሚዘገየው እሱ ነው። በሜሪላንድ የጀልባው ባለቤትነት ሰነድ ያለው በተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ፣ ዲኤንአር በሚሉት ነው፤ የትሬለሩ ደግሞ በተሽከርካሪ መሥሪያ ቤቱ፣ በኤምቪኤ። ሁለቱም በባለቤትሽ ስም ብቻ ከሆኑ ከካውንቲው የውርስ መዝገብ ጽሕፈት ቤት፣ ሬጅስተር ኦፍ ዊልስ ከሚባለው፣ በውርሱ ላይ የምትፈርሚበትን ሥልጣን የሚሰጥ ደብዳቤ ያስፈልግሻል። ባለፈው ጊዜ ለቤት ወይም ለባንክ ጉዳይ አውጥተሽ ከሆነ እሱኑ ፈልጊ። ከጀልባው ጀርባ፣ በቀኙ በኩል ከላይ፣ የተቀረጸ ባለ 12 ፊደልና አሃዝ መለያ አለ፤ ከሰነዱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሪው። መጨረሻው «ኤች889» ቢል በኦገስት 1988 የተሠራ የ1989 ሞዴል ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ገዢው ስሙን ማዛወር አይችልም፣ ገንዘቡንም መልሺ ይልሻል። ገዢው ለጀልባው አምስት በመቶ ታክስ ስለሚከፍል አንዳንዱ «ደረሰኙ ላይ ትንሽ ጻፊልኝ» ይላል፤ እሺ አትበዪ፤ የተቀበልሽውን ጻፊ። ቼክ አትቀበዪ፤ በተለይ ከዋጋው በላይ ጽፎ ትርፉን ላኪልኝ የሚል ሰው ሌባ ነው። በጥሬ ገንዘብ ወይም ባንክ ውስጥ አብራችሁ ቆማችሁ ተቀበዪ።

ለበጎ አድራጎት ድርጅት ስጪው የሚልሽም ይኖራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ድርጅቱ መልሶ ከሸጠው ግን ከ500 ዶላር በላይ ለሆነው ታክስ ከሚከፈልበት ገቢሽ የምትቀንሺው እነሱ በሸጡበት ዋጋ ልክ ብቻ ነው። ገዢ ከጠፋና ጊዜው ከጠበበ ነው የሚታሰብ።

ስለ ልጅሽ አሁን ላንሣ። «እኔ እጨርሰዋለሁ» ሲል ምን ማለቱ ይመስልሻል? ጀልባውን ነው የፈለገው ወይስ ከአባቱ ጋር በጋራዡ ያሳለፈውን ጊዜ? አባቱ ሲሠራ አጠገቡ ይቆም ነበር? መፍቻ ያቀብለው ነበር? ይህን ከመሸጡ በፊት ጠይቂው፤ መልሱን ሳትመዝኝ ስሚ። ከዚያ ፈተናውን እሱ ይምራው። ቁጥሮቹን በደብተር ይጻፍ፣ መካኒኩ ሲመጣ እሱ ይቀበለው። ሞተሩም እንጨቱም ጤነኛ ሆነው ከተገኙና ልጅሽ አሁንም ከልቡ ከፈለገ መጨረሱ የማይሆን ነገር አይደለም። ግን ቁጥሩን ከፊቱ አስቀምጪለት፤ ሌላ ከ1,500 እስከ 2,500 ዶላር፣ አንድ ወይም ሁለት የበጋ ወራት፣ ኤችኦኤው ስለማይፈቅድም በወር የሚከፈልበት ማቆሚያ። በሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ሞተር ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ያንንም ይውሰድ። እንጨቱ ከበሰበሰ ግን ለአንድ የ17 ዓመት ልጅ የሚሰጥ ሥራ አይደለም፤ አይሆንም በይው። የአባቱን መፍቻዎችና የመረጠውን ዕቃ ግን ለእሱ አስቀሪለት፤ የመፍቻ ሣጥን ከጀልባው ጋር ቢሄድ ለዋጋው የሚጨምረው ሃምሳ ዶላር አይሞላም።

ኤችኦኤውን አትፍሪው። በዚህ ሳምንት በጽሑፍ ምላሽ ስጪ፤ ባለቤትሽ ማረፉን፣ የስም ዝውውሩ በሂደት ላይ መሆኑን፣ ሌላ 45 ቀን እንደምትፈልጊ ግለጪ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት ያገኛል። ጊዜውም ያግዝሻል። ጀልባ ፈላጊ የሚበዛው ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ መጨረሻ ነው፤ ከሌበር ዴይ (በሴፕቴምበር መጀመሪያ ካለው በዓል) በኋላ ግን ይኸው ጀልባ ያለ ምንም ለውጥ ብዙ ይወርዳል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ደብዳቤውን ለኤችኦኤ ላኪ፣ ሰነዶቹን ፈልጊ፣ ከልጅሽ ጋር ተነጋገሪ። በሁለተኛው መካኒኩ ይምጣ፣ እንጨቱ ይፈተሽ፣ ትሬለሩ ይስተካከል። በሦስተኛው ሚዛን ላይ ይውጣ። ከዚያ የእድሩን ጓደኛ ጥሪና ውጤቱን ሳትደብቂ አሳዪው። ጤነኛ ከሆነ 2,000 ጠይቂው፤ እሱ ካልቻለ ለሌላ ታወጪዋለሽ። ካልሆነ ደግሞ 1,500ውን ተቀብለሽ አመስግኚው፤ ዕቃዎቹን ለብቻ ሽጪ። ትሬለሩ ሲሄድ ታርጋውን ፍቺና ለኤምቪኤ መልሺ፤ ኢንሹራንስ ካለው ከዚያ በፊት አታቋርጪ።

የስድስቱ ሲሊንደሮች ቁጥርና የሚዛኑ ወረቀት ሲደርሱሽ እዚሁ ላኪልኝ፤ ማስታወቂያውን ከማውጣትሽ በፊት አብረን ዋጋውን እንተምነዋለን።